5 ቀን በሰሜን ተራሮች፦ ራስ ዳሽን ይግባ ወይስ ይቅር?

ጉዞ_ወዳድ (የክሩ መነሻ)

ሰላም ለሁላችሁ። 4 ሰዎች ነን፤ 3ቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከባሕር ዳር። ከኅዳር 20 ጀምሮ 5 ቀን ከ4 ሌሊት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግር ልንጓዝ አስበናል። መነሻችን ጎንደር ነው። ያወጣነው ዕቅድ፦ በ1ኛው ቀን በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ገብቶ ማደር፣ በ2ኛው የቧሂትን በር (የተራራ መተላለፊያውን) ተሻግሮ አምቢኮ፣ በ3ኛው ራስ ዳሽን ወጥቶ አምቢኮ መመለስ፣ በ4ኛው ጨነቅ፣ በ5ኛው ጎንደር። ያዋጣል? ሌላም ጥያቄ አለን፦ ብርዱ እስከምን ነው? ምን ምግብ ይያዝ? በቅሎና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ላይ ምን ማወቅ ይገባናል? መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን።

ጓሳ_ሜዳ

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይሞላል፤ በእግር ግን ይከብዳል። ለምን እንደሚከብድ በቁጥር እንየው።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። የቧሂት በር 4,200 ገደማ። ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ ወንዙ ጋ ከፍታው 2,800 ገደማ ነው። ከወንዙ እንደገና ወደ አምቢኮ፣ 3,200። ስለዚህ በ2ኛው ቀን ብቻ 580 ሜትር ዳገት፣ 1,400 ሜትር ቁልቁለት፣ እንደገና 400 ሜትር ዳገት አለ። በ3ኛው ቀን ከአምቢኮ እስከ ራስ ዳሽን ጫፍ 1,350 ሜትር ያህል ወጥቶ ያንኑ መውረድ። በ4ኛው ቀን ደግሞ የመጡበትን መልሶ መውጣት፤ ከመሸሃ እስከ በሩ 1,400 ሜትር በአንድ ትንፋሽ። ሲደመር በ3 ቀን ወደ 3,700 ሜትር ዳገት፣ ያንኑ ያህል ቁልቁለት። ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ቁልቁለቱ ግን በማግስቱ ጭን ያስይዛል። እና ያ የተያዘ ጭን በ4ኛው ቀን 1,400 ሜትር ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ችግር የመጀመሪያዋ ሌሊት ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመከረው የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ጎንደር ከ2,100 እስከ 2,200 ሜትር ነው። ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ ማታ 3,620 ላይ መተኛት 1,400 ሜትር መዝለል ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ 4,200። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚመጣው በዚያው ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ናችሁ። ከአምቢኮ ወደ መሸሃ መውረድ ይቻላል፣ ለታመመ ሰውም ይረዳል። ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ግን ተመልሶ 4,200 ሜትር መውጣት ሊመጣ ነው። ማምለጫው ዳገት የሆነበት ቦታ ላይ ሳይለመዱ መግባት ጥሩ ውሳኔ አይደለም።

ለ4 ሌሊት የምመክረው ይህ ነው። 1ኛ ቀን፦ ከጎንደር በጠዋት ተነስቶ ደባርቅ (100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ምዝገባ፣ ከዚያ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፤ ከቡይት ራስ በገደሉ አፋፍ በእግር 3 ሰዓት ያህል ሳንቃ በር፣ እዚያ ማደር፣ 3,250 ሜትር። 2ኛ ቀን፦ ሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከ5 እስከ 7 ሰዓት፣ ማደሪያው 3,600። 3ኛ ቀን፦ ከግጭ በእሜት ጎጎ (3,926) እና በእናትዬ (4,070) አድርጎ ጨነቅ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት። 4ኛ ቀን፦ ቧሂት፣ 4,430 ሜትር፣ ደርሶ ጨነቅ መመለስ። 5ኛ ቀን፦ በማለዳ ዋልያ ማየት፣ ከዚያ መኪና።

በዚህ ዕቅድ ማደሪያው 3,250፣ 3,600፣ 3,620፣ 3,620 ይሆናል። ሰውነት ቀስ እያለ ይለምዳል፤ ከ4,000 በላይም ሁለት ቀን ትቆማላችሁ። ራስ ዳሽን ቢቀር የሚቀረው ቁጥሩ ነው። እይታን በተመለከተ ከፓርኩ ሁሉ እሜት ጎጎን የሚያህል የለም፤ በእናንተ ዕቅድ ደግሞ የተዘለለው እሱ ነው።

ዳገት_በልክ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ላንሳ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከባሕር ጠለል እንደመጣ ቱሪስት አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሰውነቱ ግማሹን መንገድ ለምዶ ነው የሚመጣው። ጨነቅ በቀጥታ ማደር ለእሱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም።

ጓሳ_ሜዳ

ዳገት_በልክ፣ ልክ ነህ፣ ይረዳል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መላመዱ እስከሚኖርበት ከፍታ ነው፤ ከ2,400 ወደ 3,620 አሁንም 1,200 ሜትር ዝላይ ነው። 3,600 ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል 65 በመቶ ያህል ነው፤ 4,500 ላይ ደግሞ 57 በመቶ። ሁለተኛ፣ አንዱ ጓደኛቸው ከባሕር ዳር ነው፣ 1,800 ሜትር። የቡድን ዕቅድ የሚወጣው ዝቅ ካለው ቦታ በመጣው ሰው ልክ ነው። 3ቱ ደህና ሆነው አንዱ ቢታመም 4ቱም ይመለሳሉ።

ነጭ_ጋቢ

ስለ ከፍታ ሕመም ትንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ከድካም ጋር ያምታታዋልና።

ራስ ምታት ሆኖ ከሱ ጋር የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ካለ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ሕጉ አጭር ነው፦ ምልክቱ ሳይለቅ ከፍ ብሎ አለመተኛት። ባሉበት ዕረፍት፣ ውሃ፣ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል። በ24 ሰዓት ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ። ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ለውጥ ያመጣል።

ሌሊትም ቢሆን ሳይጠበቅ የሚወረድባቸው ምልክቶች ሁለት ናቸው። አንዱ የአንጎል እብጠት ነው። ሰውየውን የአንድ እግሩን ተረከዝ ከሌላው እግሩ ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ አድርጉ፤ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ቶሎ ይውረድ። ሁለተኛው የሳንባ ነው፦ ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ሳል፣ አረፋ ያለው አክታ። እንዲህ ያለ ሰው በእግሩ ባይሄድ ይሻላል፤ ድካም ያብስበታልና በበቅሎ ይውረድ።

መድኃኒት ከፈለጋችሁ አሴታዞላማይድ የሚባለው ነው። ለመከላከል የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ። ጣት ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፤ ይህ የተለመደ ነው። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ከተማ ሳላችሁ ሐኪም ጠይቃችሁ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን አይወሰድ፤ ሁለቱም በእንቅልፍ ላይ አተነፋፈስን ያዘገያሉ፣ በዚያ ከፍታ የሚጎድለው ደግሞ እሱው ነው።

ጭነት_እኩል

በቅሎንና ሰዎችን በተመለከተ።

ምዝገባው ደባርቅ፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። የመግቢያ ክፍያው በሰውና በቀን ይሰላል፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ተመኑ ይለያያል፣ መኪናም ይከፈልበታል። ተመኑ ስለሚለዋወጥ እዚያው ጠይቁ። መታወቂያ እንዳትረሱ። መሣሪያ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎ እዚያው በተራ ይመደባሉ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ደባርቅ ካልደረሳችሁ የመጀመሪያው ቀን የእግር ጉዞ ይጠባል፤ በጨለማ ሳንቃ በር መግባት ይመጣል።

አንድ በቅሎ 40 ኪሎ ያህል፣ ቢበዛ 45 ትጭናለች። ለ4 ሰው ድንኳን፣ ምግብ፣ ምድጃና የሠራተኞቹ ዕቃ ተደምሮ 3 በቅሎ አይበቃም፤ 4 ያዙ። ክፍያ ስትስማሙ የመመለሻ ቀንም ይቆጠራል፤ ጉዞው ጨነቅ ቢያልቅ በቅሎዎቹ በእግራቸው ደባርቅ መድረስ አለባቸውና። ይህን አስቀድሞ አለመነጋገር የመጨረሻ ቀን ክርክር ያመጣል። የስንት ቀን፣ የስንት በቅሎ፣ መመለሻው ስንት ቀን፣ ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉት።

ሻንጣ በፍጹም አይሆንም። ጠርዙ የበቅሎዋን ጎን ይልጣል፣ ጭነቱም ያጋድላል። ለስላሳ ቦርሳ ይሁን፤ ግራና ቀኙ ክብደቱ እኩል የሆነ፤ ውስጡ በወፍራም ፕላስቲክ የተሸፈነ። በተለይ የመኝታ ከረጢቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በቅሎዎቹ ከእናንተ ጋር አይሄዱም። እናንተ በእሜት ጎጎ ስትዞሩ እነሱ አቋርጠው ይሄዳሉ። ስለዚህ ዝናብ ልብስ፣ አንድ ሙቅ ልብስ፣ ውሃ፣ ምሳ፣ የግንባር ባትሪና መድኃኒት በጀርባችሁ ይሁን። ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ ጃኬቱ በቅሎ ላይ ከሆነ ለመንቀጥቀጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አስታ_ጥላ

ኅዳር 20 ማለት የገና ጾም ገብቷል። ጾሙ ኅዳር 15 ይጀምራል። ስካውቱ፣ ባለ በቅሎዎቹና አብሳዩ ጿሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእናንተ ሥጋ ይዛችሁ ለእነሱ ምንም ሳይኖር እንዳትቀሩ። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት በርከት ይበል። ሠራተኞች ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ የሚባል ነገር አለ፤ በተግባር ግን የሚይዙት ትንሽ ነው፣ ለ5 ቀን አይበቃም። ምግቡን በ4 ሰው ሳይሆን በጠቅላላው ሰው ቁጥር አስሉ። ብርድ ልብስ ያለው መሆኑንም ስካውቱን ከደባርቅ ሳትወጡ ጠይቁት።

አበሳሰሉን እወቁት። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈላ ማለት በደንብ ሞቀ ማለት አይደለም። ስለዚህ ሩዝና ምስር ከከተማው ይልቅ በጣም ይቆያሉ፣ ድፍን ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ያለ ፕሬዠር ድስት አይበስሉም፤ ጋዝ ጨርሰው ጥሬ ይቀራሉ። ሽሮ፣ ቀጭን ፓስታ፣ አጃ ይሻላል። እንጀራው በዚያ ብርድ 3 ቀን ይቆያል፤ ለ4ኛውና ለ5ኛው ቀን ድርቆሽ ያዙ። ለመንገድ በሶ ወደር የለውም፦ እሳት አይፈልግ፣ ጾም አይሽር፣ በጨውም በስኳርም ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 150 ግራም በሶ፣ 100 ግራም ቆሎና ለውዝ፣ ጥቂት ቴምር አስቡ። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለሚበላ ብቻ።

ማገዶ ከፓርኩ አይለቀምም። የተራራ ተክሎቹ አስታውም ጅብራውም በዚያ ብርድ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ የተነሳው ቃጠሎ የጓሳ ሣሩንና አስታውን ምን ያህል እንደበላ የሰማ ሰው ክብሪት ሲይዝ ይጠነቀቃል። በምድጃ ብቻ አብስሉ፣ ከደረቅ ሣር ራቅ ብላችሁ።

ጉዞ_ወዳድ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ያህል አልጠበቅንም። ጋሼ ጓሳ፣ በቁጥር ስላሳዩን ልዩ ምስጋና፤ ራስ ዳሽንን ለመተው ተስማምተናል። ምድጃን በተመለከተ፦ ትንሿ ቡታጋዝ ትበቃለች? ውሃስ ከየት ይገኛል? ለብርዱም የመኝታ ከረጢት ልንከራይ ነው።

ዳገት_በልክ

ቡታጋዙ ላይ ተጠንቀቁ። ንጹሕ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ገደማ ላይ መትነን ያቆማል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጠዋት እሳቱ ይሞታል፣ ሰውም አልቋል ብሎ ይጥለዋል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካልተገኘ ሲሊንደሩን ማታ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ሳህን ላይ አስቀምጡት። የፈላ ውሃ ግን አይነካው። ለ8 ወይም ለ9 ሰው የሚያበስል ቡድን ግን የላምባ ምድጃ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ላምባ ብርድ አይበግረውም። ድንኳን ውስጥ ምድጃ ማብራት ክልክል ነው፤ በጭስ አልባው መርዝ ሰው ተኝቶ ይቀራል።

ውሃ በማደሪያዎቹ አካባቢ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ይቀዳል፤ በመካከል ግን ረጅም ደረቅ መንገድ አለ። ከግጭ ስትነሱ እያንዳንዱ ሰው 3 ሊትር ይያዝ። ከብት ስለሚጠጣበት የትኛውም ውሃ ሳይታከም አይጠጣ። ስታፈሉ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክሎሪን ከሆነ 30 ደቂቃ ይበቃል ይባላል፤ ውሃው በረዶ የመሰለ ሲሆን አንድ ሰዓት ስጡት። የደፈረሰውን በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ጭቃ ክሎሪኑን ይበላዋልና።

ነጭ_ጋቢ

ብርዱ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ዜሮ ይነካል፣ ከዚያ በታችም ይወርዳል። ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። የምትከራዩት የመኝታ ከረጢት ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ የምቾቱን እንጂ የመጨረሻውን አትመልከቱ። ምቾቱ ከዜሮ በታች 5 ወይም ከዚያ የሚወርድ ይሁን። ኪራይ ቤት እያላችሁ ዚፑን ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ድንኳኑን ተክላችሁ ምሰሶዎቹን ቁጠሩ፣ ፍራሹን አይታችሁ ውሰዱ። ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው፤ አንድ ወፍራም ከረጢት በቀጭን ፍራሽ ላይ ከሚሆን፣ መካከለኛ ከረጢት በሁለት ፍራሽ ላይ ይሞቃል።

ለእግር ጉዞ የጥጥ ልብስ ይቅር። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ አይደርቅም፣ ቆም ስትሉ ያቀዘቅዛል። ጋቢ ግን ያዙ፤ ለማደሪያ ብቻ፣ ደረቅ ሆኖ። ማታ ስትተኙ የላብ ካልሲ ቀይሩ። የፈላ ውሃ በማይፈስ ጠርሙስ ሞልቶ እግር ሥር ማድረግ ከአንድ ብርድ ልብስ ይሻላል። ስልክና ባትሪም ከረጢቱ ውስጥ ይደር፤ ኔትወርክ ግን ይኖራል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሰው አይታወቀውም፣ ማታ አንገቱና ከንፈሩ ይላጣል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ክሬም፣ መነጽር።

ጓሳ_ሜዳ

ስለ መንገዱ ጥቂት ነጥቦች፣ ከተስማማችሁ በኋላ።

ከሳንቃ በር እንደወጣችሁ መንገዱ በጠባብ የተራራ ጀርባ ያልፋል፤ በግራ የጅንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ ሲወረወር የሚታይበት ቦታ አለ። ኅዳር ላይ ውሃው ገና ጥሩ ነው፣ እስከ የካቲት ግን ይሳሳል። ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ ወደ ግጭ መውጣት ነው፤ በቀኑ ከባዱ ይህ ዳገት ነው።

በ3ኛው ቀን ከግጭ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። እሜት ጎጎ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ቆላው እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ጉም ከሥር መውጣት ይጀምራል። አፋፉ ላይ ተጠንቀቁ። ጫፉ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋዩም የተሰነጠቀ ነው። ፎቶ ለመነሳት ከጠርዙ ሁለት ሜትር ወዲህ ቁሙ፣ ነፋስ ካለ ተቀመጡ። ጉም ከያዛችሁ ስካውቱን ሳትቀድሙ፣ ከገደሉ ራቅ ባለው መንገድ። ከእናትዬ ወደ ጨነቅ የሚወርደው ለጉልበት ከባድ ነው፤ ምርኩዝ ይረዳል፣ በቁልቁለት ጊዜ ርዝመቱን ጨመር አድርጉት።

ቧሂትን ከጨነቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትጀምሩ ለመውጣት 3 ሰዓት፣ ለመውረድ 2 ሰዓት ያህል ነው። ከ800 ሜትር በላይ ዳገት ስለሆነ ሲጀመር እየተነጋገሩ መሄድ የሚያስችል እርምጃ ይሁን፤ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። 4,200 ላይ ስትደርሱ ወደ ራስ ዳሽን አቅጣጫ ተመልከቱ። 4,550 ሜትር ገደማ ነው፣ በድሮ ካርታዎች 4,620 ተብሎ ተጽፏል። ጎረቤቶቹ ተራሮች እኩል ስለሚመስሉ የትኛው እንደሆነ ስካውቱ ያሳያችሁ።

ሌላ ጊዜ እሱን ለመውጣት ስትመጡ 7 ሌሊት ያዙ። ከአምቢኮ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል፣ ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይወስዳል፣ መጨረሻው ላይ እጅ የሚያስይዝ ድንጋይ አለ።

አስታ_ጥላ

እንስሳቱን ለማየት ሰዓት ይወስናል። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ቡይት ራስና ሳንቃ በር አካባቢ በቀላሉ ይገኛሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ሣሩን እየነጩ ራሳቸው ይጠጋሉ። ምግብ ግን አትስጡ፣ ከሰው መብላት የለመደ መንጋ ድንኳን ይበረብራል።

ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጨነቅ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩልና ከ10 ሰዓት በኋላ ገደሉን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ የምታዩት ቀንዱን ነው። ድምፅ አሰሙ ማለት ጠፉ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ብርቅ ነው፣ በዓለም ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፤ ግጭና ቧሂት አካባቢ ጓሳው ውስጥ አይጥ ሲያድን ይታይ ይሆናል። ውሻ ይዞ መምጣት የማይገባው ለእሱ ሲባል ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንድን ቤተሰብ ሙሉ ይጨርሳል።

ማደሪያ ላይ ደግሞ ቁራውን ጠብቁ። ቦርሳ ሳይዘጋ ትታችሁ ከሄዳችሁ ዳቦው ተወስዷል።

ጭነት_እኩል

አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር፦ ከጎንደር ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ አጣሩ። ዋዜማውንም፣ በጠዋቱም። መንገዱ አያስኬድም ከተባለ ቀን ቀይሩ።

ጉዞ_ወዳድ

ሁሉንም ጽፈን ይዘናል። 4 በቅሎ፣ የላምባ ምድጃ፣ ለ9 ሰው የጾም ስንቅ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ሁለት ሌሊት። የቀረችን አንዲት ጥያቄ፦ በ5ኛው ቀን መኪናው ጨነቅ ስንት ሰዓት ይምጣ?

ጓሳ_ሜዳ

ከጠዋቱ 4 ሰዓት በሉት። ዋልያ አይታችሁ፣ ድንኳን ደርቆ ታጥፎ ይደርሳል። ሹፌሩ ጨነቅን የማያውቅ ከሆነ ቀድሞ ንገሩት፤ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጎማ መለዋወጫ ይያዝ። በ4ኛው ቀን ማታ ከመጣም ጥሩ ነው፦ ቧሂት ላይ ሰው ቢታመም እዚያው መኪና አለ።